ሁለተኛው መርዶ

“ደግሞ ማን ሞተ?” አለች ፈህሚያ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተከታትለው ሲገቡባት ሌላ ምን ትበል? አጎቷ ዐብዱረሕማን ከፊት፣ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ሆነው ከወንዶቹ ድንኳን ተነስተው ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል መጡ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አሉ። “ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው፤ ጠንከር በይ” አሏት። አባቷ አብዱልባሲጥ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዞር ብላ እናቷን ዙሌይካን አየቻት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ታዲያ ማን ቀረ?

“ኧረ ማንም አልሞተ” አለ አጎቷ። “ያ ልትቀጠሪበት የነበረው አስጎብኚ ድርጅት ተዘግቷል። ባለቤቱ መኪኖቹን ሸጦ አዲስ አበባ ገብቷል።”

ፈህሚያ ሳቅ አመለጣት። በለቅሶ ቤት፣ ያውም በአባቷ ለቅሶ! ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

ለካስ ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ ይዛ ባለፈች ቁጥር ወሬው እየተቆረጠ ስለ ዝናብ ይወራ የነበረው ለዚህ ነው! አቤት የጎንደር ሰው ክፉ ወሬ ሲደብቅ! ‘ሐዘን ላይ ናት፣ አይነገራት’ ተባብለው፣ ቀን ቆጥረው፣ ሽማግሌ መርጠው፣ የሥራ መርዶ ሊያረዷት መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈህሚያ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፋይል አውጥታለች፣ ፋይል መልሳለች። ሰኞ ዕለት የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገባች፤ የቱሪስት መኪና ልትነዳ። ዘመኑ ደግሞ የ2009 ጥቅምት ነው። ከክረምቱ ግርግር ወዲህ ፈረንጅ ጠፍቷል፣ ሆቴሎቹ ጭር ብለዋል፣ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አባቷ ሞተ።

“አለቃሽ አቶ ዳኛው ድንኳኑ ውስጥ ነው” አለ አጎቷ። “ደብዳቤሽን ለማንም አላሳየም፤ መሳቢያው ውስጥ ነው። እስከ ነገ ድረስ ‘ትቼዋለሁ’ ካልሽ ቀዶ ይጥለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? አባትሽም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።”

የመጨረሻዋን ቃል ልትክዳት አልቻለችም። እውነት ናታ!

ድንኳኑ ውስጥ አብዱልባሲጥ ‘ረጋ ያለ፣ ጭምት ሰው’ እየተባለ ይመሰገናል። የማንን ለቅሶ ነው የሚያለቅሱት? በ83 መንግሥት ሲለወጥ እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ የመንግሥት ሹፌር ነበር። ጓደኞቹ ‘ደመወዙ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል’ እያሉ በር በር ሲያዩ፣ እሱ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ በግለሰብ የጭነት መኪና ሊማሊሞን ወረደ። ይሄው ዐብዱረሕማን ‘አበደ’ ብሎ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ያው አባቷ ነው ደግሞ ደጅ ጠንቶ መዝገብ ቤት ያስቀጠራት። ያው ሰው ነው ከጁምዓ ሰላት በኋላ አዘዞ ሜዳ ወስዶ መንዳት ያስተማራት። “ስታመም ሐኪም ቤት የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ” እያለ ይስቅ ነበር። ሕዝብ ሁለት መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ቴምር አደለ። ‘እንጀራዬ ይሁን’ ስትለው ግን ፊቱ ጠቆረ።

ሰኞ ማታ ተጯጯሁ።

“አንተስ ጥለህ አልወጣህም?” አለችው።

“ስወጣ ስንት ወር እንደተንቀጠቀጥኩ እናትሽን ጠይቂያት! አልፈቅድም!”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለሱብሒ ሰላት ሲነሳ ወደቀ። አለቀ፤ ሌላ ቃል የለም።

“ደሙን ያስነሳችበትስ እሷ አይደለች?” አለች አንዷ ሴት ከጥግ፣ በሹክሹክታ መስሏት።

ዙሌይካ ከግድግዳው ቀና አለች። “የደም ግፊቱ ከተነሳ ስድስት ዓመቱ ነው! ክኒኑን ‘ዋጥ’ ስለው ‘ነገ’ የሚለኝ እሱ ነው። ማንም ልጄ ላይ እንዳያላክክ!”

ፈህሚያ አጎቷን ትክ ብላ አየችው።

“አዎ፣ አባቴ አልፈለገም። ተኳርፈን ነው የሞተው። እስክሞት ያቃጥለኛል። ግን ተመልሼ መዝገብ ቤት ብቀመጥ ይታረቀኛል? አይታረቀኝም! ለአቶ ዳኛው አመሰግናለሁ በሉልኝ። ደብዳቤውን ያስተላልፈው።”

“ኧረ ድርጅቱ ተዘግቷል እኮ ነው የምልሽ!”

“ይዘጋ! መንገዱ አልተዘጋ።”

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄደች። አባቷ ዘጠኝ ዓመት የነዳት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሹፌር አጥታ ቆማለች። የአውቶቡሷ ባለቤት የአዲ አርቃዩ ዋኘው ነው። ለዛሪማ ገበያ የሚወርዱ መንገደኞች ጓዛቸውን ታቅፈው ውስጥ ተቀምጠዋል።

“ምነው አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ላይ አይደለሽ?” አለ ዋኘው።

“ሦስት ቀኑ አለቀ፣ አያ ዋኘው። ሹፌር አገኙ?”

“ከየት አባቴ! ሊማሊሞ ሲሏቸው ሁሉም ወገቤን ይላሉ።”

መንጃ ፈቃዷን ሰጠችው። ገልብጦ አየው፤ መልሶ ገለበጠው።

“አባትሽ ቢሰማ ይገድለኛል።”

“እኔንም።”

ሁለቱም ወደ መሬት አዩ።

“ሰዎቹ ሴት አይተው ይወርዱብኛል።”

“የወረደ ይውረድ። የቀረውን ይዤ እሄዳለሁ።”

“እንግዲያው እስከ ደባርቅ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ። ሸጋ ከነዳሽ ሊማሊሞን ትወርጃለሽ፤ ካልሆነ እዚያው ቁልፌን እቀበላለሁ።”

“ተስማምተናል።”

አንድ ሽማግሌ አንዴ አዩዋትና ጓዛቸውን ይዘው ወረዱ። ከኋላ ግን አንዲት ሴት ጮኸች፦ “ንጂው እንጂ ልጄ፣ ገበያው ሊፈታብን ነው!”

ፈህሚያ ወጥታ ተቀመጠች። እግሯን ብትዘረጋ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጋ አልደረሰም። አባቷ ረጅም ነበር፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ በልኩ እንደቆመ ነው።

“ይሳባል እኮ” አለ ዋኘው።

“አውቃለሁ።”

የወንበሩን ማንሻ ያዘች። ሦስት ቀን ሻይ ስታቀርብ ያልወጣላት ለቅሶ አሁን፣ በዚያ ሁሉ መንገደኛ ፊት፣ ገንፍሎ መጣ። ማንም ‘በቃሽ’ አላላትም። እንባዋን ሳትጠርግ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ዝጎ ነበርና ሲጥ አለ፤ ወንበሩ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ለቀቀ፣ ደግሞ አንድ። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ አረፈ።