በሁለት ምት የሚይዝ ፍሬን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ሳያጋምሱ ተውፊቅ ፍሬኑን ሁለቴ ሲረግጥ ሩሚሳ አየችው። ከፊታቸው እህል የጫነ አይሱዙ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ቀንሷል። ተውፊቅ አንዴ ረገጠ፤ አሮጌዋ ዲኤክስ ምንም እንዳልተባለች ሁሉ መንደርደሯን ቀጠለች። ደግሞ ረገጠ፤ አሁን ያዘች። የአይሱዙው ጭቃ የለበሰ ታርጋ አፍንጫቸው ስር ደርሶ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሩሚሳ፣ ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ላይ እንደጫነች።

«ምኑ?»

«ሁለቴ ረገጥክ።»

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪላመድ» አላት ሳቅ እያለ። «ጋሽ ቀለሙ የፍሬኑን ጎሚኒ ቀይረውታል እኮ። አንቺው አይደለሽ እንዴ ያመጣሽው?»

ሩሚሳ ደሴ ፒያሳ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላላት ጎሚኒ ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ትንሽ ጎማ ናት፤ የፍሬኑን ዘይት አፍና ትይዛለች፤ እሷ ካረጀች ፔዳሉ እግርን ተከትሎ ይሰምጣል። መካኒኩ ጋሽ ቀለሙ እንድታመጣ ነግረዋት አዲስ አበባ አዝዛ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋና ዕቃውን የያዘው አውቶቡስ ከመሀል ተመለሰ። ጎሚኒው ደሴ አልደረሰም። ምናልባት ጋሽ ቀለሙ ከሌላ ቦታ አግኝተው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ኮምቦልቻ ደርሳ እስክትጠይቃቸው ድረስም ዝም ማለትን መረጠች።

ዝም ያለችበት ሌላም ምክንያት ነበራት። ወንድሟ እየሳቀ ነበር።

ጦርነቱ ደሴ የደረሰ ሰሞን ተውፊቅና አንድ ጓደኛው ሆጤ ውስጥ ሰው ጥሎት በሄደ ግቢ ተደብቀው ነበር። ከዚያ ግቢ በእግሩ የወጣው ተውፊቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጓዳ ገብቶ ተኛ። እናታቸው ሱሀይላ በሩ ላይ ቁጭ ብላ «ተውፊቄ፣ ውሃ ላምጣልህ?» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉለት፣ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ፣ ዘመድ አዝማድ እየተፈራረቀ መከረው። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ያስነሱት ጋሽ ቀለሙ ናቸው፤ የአባታቸው የድሮ ወዳጅ፣ የሰፈሩ መካኒክ። አንድ ቀን ዘይት የጠጣ ቱታቸውን እንደለበሱ ሰተት ብለው ጓዳው ገቡና፣ ስለ ሐዘንም ስለ ፈጣሪም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ «የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ፤ ተነስና መብራት ያዝልኝ» አሉት። ተነሳ። የዚያን ቀን ከሥሯ ገብተው የሠሯት መኪና ይህችው የአባታቸው ዲኤክስ ናት። ከዚያ ወዲህ ተውፊቅ ከጋራዡ ቀርቶ አያውቅም።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ የደሴ ጉም ከኋላ ቀርቶ ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል። ተውፊቅ በዲኤክሷ የሚገባበት የመኪና ውድድር የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ዳር ባለ የጠጠር መንገድ ላይ ነው። መኪኖቹ ተራራውን ይወጡና በሌላው በኩል ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ የወንዙ ገደል አፍ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው የውድድር ዓመት መክፈቻ በመሆኑ ደሴ ሱቁን ዘግቶ የወረደ ይመስላል። አዳማዎች ሦስት መኪና አስጭነው መጥተዋል፤ መካኒኮቻቸው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ለብሰው እንደ ሙሽራ አጃቢ ተደርድረዋል። የደጋን ልጆች ቪትዛቸውን አረንጓዴ ቀብተዋታል፤ የነካት ሰው እጁ አረንጓዴ እየሆነ ይሳቅባቸዋል። የደሴ ቡድን ግን አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌርና ጸጉራቸው የነጣ አንድ መካኒክ ነው። ሕዝቡ ደግሞ የሚሟገተው ለዚሁ ቡድን ነው።

«ዘንድሮ የአዳማ ነው፤ ሞተሩን አትሰማም?»

«ሞተር ምን ያደርግለታል? ወሳኙ ቁልቁለቱ ነው! ተውፊቅ ማለት ሀረጎ ላይ ያደገ ልጅ ነው።»

«ወላሂ ዋንጫው ዛሬ ፒያሳ ያድራል!»

አስተባባሪው ኃይለ ሚካኤል በድምፅ ማጉያው የዓመቱን ደንብ ደጋግሞ ይናገራል። በመክፈቻው ያልተነሳ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አይነሳም። ሰዉ ይህንንም እንደ ዘፈን ያጨበጭብለታል።

ሩሚሳ ጋሽ ቀለሙን ዛፍ ጥላ ስር ጎማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ቀድመው ነው የወረዱት። ሚስታቸው አባይነሽ ሰኞ ዕለት ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል ተኝታለች።

«ጋሼ፣ እትዬ አባይነሽ እንዴት አደሩ?»

«ዛሬ ቀና ብላለች፤ ተመስገን። ሂድ፣ ልጁን ብቻውን እንዳትተወው ብላ አባረረችኝ እኮ።»

«ጎሚኒውን ግን ከየት አገኙት?»

ጋሽ ቀለሙ ቀና ብለው አዩዋት። «ከየት ማለት? አንቺ አምጥተሽ ለጎረቤቴ መካኒክ ለፉርቃን ሰጠሽው፣ እሱ ገጠመው።»

«እኔ አላመጣሁም ጋሼ። አውቶቡሱ ከመንገድ ተመለሰ።»

«ኧረ ተይ! ከሆስፒታል ስደውልልሽ ‹ጨንቆኛል፣ ቀኑም ደረሰ› አላልኩሽም? አብሽሩ አልሽኝ እኮ!»

«የእትዬ አባይነሽ የኦፕራሲዮኑ ቀን ነዋ የመሰለኝ!»

አዛውንቱ ከጎማው ላይ ተነሱ። «ፉርቃንም ጋ ደውያለሁ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «‹እንዴት ሆነ፣ አለቀ ወይ?› አልኩት። ‹አብሽሩ ጋሼ፣ አላህ ያሽራቸዋል› አለኝ። አላህ ያሽራቸዋል ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም። ለተውፊቅም አልቋል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ወሎ ውስጥ አብሽር ሳይባል የሚመሽ ቀን የለም። ለታመመ ይባላል፣ ለከሰረ ይባላል፣ ፈተና ለወደቀ ይባላል፣ ሻይ ለዘገየበትም ይባላል። አይዞህ ማለትም ነው፣ እሺ ማለትም ነው፣ ሁሉም ይስተካከላል ማለትም ነው። ሚስቱ ለታመመችበት ሰው ታዲያ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ፉርቃን የታዘዘውን የፍሬን ሸራ ቀይሮ፣ የቀረውን ጋሽ ቀለሙ ራሳቸው ይጨርሱታል ብሎ ሄዷል። ሁሉም አዛውንቱን አጽናኗቸው፤ ጎሚኒውን የነካው ግን አልነበረም።

ተውፊቅ የመኪናዋን መስታወት እየወለወለ ፎቶ በሚያነሱት ልጆች ላይ ይቀልዳል። ሩሚሳና ጋሽ ቀለሙ ወደ ጎን ወስደው ነገሩት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት።

«በሁለት ምት ይይዛል» አለ።

«አሁን ይይዛል። ሲግልስ?» አለች ሩሚሳ። «እዚያ ቁልቁለት ላይ በሦስትም በአራትም አልይዝም ቢልህስ?»

«ማርሽ ቀንሼ በካምቢዮ እይዛታለሁ።»

«የኔ ልጅ፣ የዚያ ቁልቁለት መጨረሻ ገደል ነው» አሉ ጋሽ ቀለሙ። «ተወው በቃ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለሰዉም እኔው እናገራለሁ።»

«በመክፈቻው ያልተነሳ ዓመቱን ሙሉ አይነሳም ሲል አልሰማችሁም?»

«ዓመት ይመጣል፣ ተውፊቅ» አለች ሩሚሳ።

«ለአንቺ ይመጣል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሩሚ፣ ዛሬ ካልተነሳሁ የምመለሰው እዚያ ጓዳ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ። ተመልሼ ከገባሁ ደግሞ አልወጣም። እዚያ ተኝቼ ከምሞት እዚህ እየነዳሁ ልሙት።»

ይህን ያለው በቁጣ ቢሆን ኖሮ ሩሚሳ ትመልስለት ነበር። ረጋ ብሎ ነው ያለው። እውነቱን እንደሆነ ገባት። በዚህ መሀል ሹፌሮች ለመመሪያ ተጠሩ፤ ተውፊቅ የራስ ቁሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሄደ።

ሩሚሳ ወደ ኃይለ ሚካኤል ሮጠች። ማጉያውን ከአፉ አውርዶ እስክትጨርስ ሰማት።

«የመኪናው ጉዳይ የቡድኑ ነው፣ እህቴ። ሹፌሩ እነሳለሁ ካለ እኔ ምን አባቴ አደርጋለሁ? ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው እሱን ብሎ ነው።»

ስትመለስ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«ደረሳችሁ ወይ?»

«ደርሰናል እማዬ።»

«በላ?»

«በልቷል።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ እማዬ። መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናትየዋ፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመረች። ሩሚሳ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ወንድሟን ከገደል ብታድነው ለጓዳው ልትሰጠው ነው፤ ከጓዳው ብታድነው ለገደሉ።

የዲኤክሷ ኮፈን ክፍት ነበር። ጋሽ ቀለሙ አጠገቧ ቆመው ያዩዋታል እንጂ እጃቸውን አልሰደዱም።

«ጋሼ፣ የፍሬኑ ቧንቧ የሚታሰርበት የቱ ጋ ነው?»

አዛውንቱ ምን እንዳሰበች ገባቸው። በአገጫቸው አመለከቷት። «ጠብቆ ስለሚሆን አቅም ይፈልጋል። እኔ ልፍታው።»

«እርስዎ አይንኩት። ቁልፉን ብቻ ያቀብሉኝ።»

ሩሚሳ ቧንቧውንም ብሎኑንም ስትሸጥ ኖራለች እንጂ አንድ ቀን ፈትታ አታውቅም። ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጣትና ጣቷን ላጣት። በሦስተኛው ብሎኑ ላላ። ዘይቱ በእጇ ላይ ፈሶ ክንዷ ድረስ ወረደ። ከዚያ መሪው ጋ ገብታ ፔዳሉን ደጋግማ ረገጠችው። መጀመሪያ ታገላት፤ ኋላ ለሰለሰ፤ በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። አሁን ሞኝ እንኳ ይህችን መኪና አይነዳትም።

ተውፊቅ የራስ ቁሩን አጥልቆ መጣ። ሰዉ ስሙን እየጠራ ያጨበጭባል። ገባና ሞተሩን አስነሳ፤ ፍሬኑን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ደግሞ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከመኪናዋ ሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አየው። የራስ ቁሩን አወለቀ።

«ማን ነው የፈታው?»

ሩሚሳ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ቀለሙ ከፊቷ ገቡ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ላጠባብቀው ስል ሰበርኩት። እጄ አርጅቷል።»

«እርስዎ?»

ሩሚሳ ፊቱ ሲዘጋ አየችው። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ወደ ግድግዳው የሚዞረው ፊት ነው። አዛውንቱ በደግነት ዋሹላት፤ በዚህ ውሸት የእህትነቷ ቦታ ሳይነካ ሊቀመጥላት ነው። ተውፊቅ ማታም እንደ ልማዱ እሷ ቤት መጥቶ እራቱን ይበላል። ነገ ጠዋት ግን ወደ ጋሽ ቀለሙ ጋራዥ አይሄድም፤ ከነገ ወዲያም። የሚቀረው ጓዳው ነው።

አዳማዎች ሞተራቸውን አስነስተው ወደ መነሻው መስመር መጠጋት ጀመሩ። የደጋን ቪትዝ ተከተለቻቸው። በማጉያው የደሴ ቡድን አንድ ጊዜ ተጠራ፤ ሁለተኛም ተጠራ።

ሩሚሳ ጋሽ ቀለሙን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወጣች። ዘይት የነከረውን እጇንና ቁልፉን ዘረጋችለት።

«ጋሼ አልነኩትም። የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው። እሳቸውማ ተይ ብለውኝ ነበር።»

ተይ ብለውኝ ነበር ያለችው ውሸት ነው፤ የጋሽ ቀለሙም ዓይን እንባ ሞላ። ተውፊቅ እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ሦስተኛው ጥሪ ተሰማና የደሴ ስም ከዝርዝሩ ወጣ። ከሕዝቡ መሀል ያጉረመረመም፣ የተሳደበም ነበር።

«ሩሚሳ» አለ፤ ሩሚ አላለም። «ከዛሬ ጀምሮ ደጅሽን አልረግጥም። እህትም የለኝ።»

«እሺ፣ አትርገጥ» አለችው። «ነገ ጠዋት ግን ጋራዥ ግባ።»