አንድ ድምፅ የጎደለው ማዕረግ

«በአብላጫ ድምፅ! ልጄ በአብላጫ ድምፅ አለፈች!» ብለው ዶኛ ኤፒፋኒያ የሕግ ፋኩልቲውን ኮሪደር በእልልታ ሞሉት። ከአትሊስኮ እስከ ፑኤብላ ከተማ ድረስ በአበባ መጫኛ መኪና ተጭኖ የመጣው የሰፈር ሰው የሚጠብቀው ምልክት ብቻ ነበርና አጨበጨበ። ዶን ኤውሎሂዮ ጥሩምባቸውን ከኮታቸው ሥር መዘዙ፤ ዘበኛው «እዚህ መንፋት ክልክል ነው!» እያለ ደረጃውን ወጥቶ እስኪደርስ አንድ የሠርግ ዜማ ጨርሰው ሁለተኛውን ጀምረው ነበር።

ኔሬይዳ ግን ከፈተናው ክፍል በር ላይ እንደቆመች ቀረች።

«እማ፣ ተይ። ተይ እባክሽ።»

«ምን ተይ ትይኛለሽ? ከንቲባው በአብላጫ ድምፅ ሲመረጥ ከተማውን በርችት አላደነቆረውም? አንቺ ከሱ በምን ታንሻለሽ? እሱ እንኳ ድምፁን በከረጢት ሲሚንቶ ነው የገዛው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከንቲባው ያደላቸው ሲሚንቶ ዛሬም ግቢያቸው የተከመረ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ።

እንዲህ ላለ ደስታ እውነቱ እንዴት ተብሎ ይነገራል? በዚያ ፋኩልቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዳምጡት ሦስት ፈታኞች ናቸው፤ በር ዘግተው ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስቱም እሺ ካሉ «በሙሉ ድምፅ» ይባላል፤ የክብር ማዕረግ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። «በአብላጫ» ማለት አንዱ እምቢ ብሏል ማለት ነው። ዲግሪው አልቀረም፣ ጥብቅናውም አልቀረም። የቀረው ማዕረጉ ነው። በዋና ከተማው ያለው፣ ለከፍተኛ ትምህርት ያመለከተችበት ተቋም ደግሞ የትምህርት ዕድሉን የሚሰጠው ለባለ ማዕረግ ብቻ ነው። «የክብር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፤ ቦታሽ ተይዞልሻል» ብለዋት ነበር። ኔሬይዳ ሻንጣ ሳይቀር ገዝታለች።

ሻንጣውን ያየ ጎረቤት ሁሉ ቀደም ብሎ የምክር መዓት አውርዶባታል። አንዷ ዋና ከተማው ውኃ የለውም አለቻት፤ ሌላዋ ውኃ አለው፣ የሌለው ባል ነው አለቻት።

እምቢ ያለው ማን እንደሆነ ለኔሬይዳ ግልጽ ነበር፤ ዶኛ ኦብዱሊያ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ሲሆኑ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠብመንጃ አጋድመው ነው የሚፈትኑት። የኔሬይዳ ጽሑፍ ስለ አበባ ገበያው የቃል ውል ነው። ገበሬውና ነጋዴዋ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ ወረቀት የለም፣ የመስከረም ዝናብ ቢጥልም ቢቀርም ውሉ አይፈርስም። ፍርድ ቤት ይህን ውል ሊያከብረው ይገባል ነው የጽሑፉ ሐሳብ። እናቷ ዘመናቸውን በዚህ ገበያ ስለኖሩ ግማሹን ያገኘችው ከእናቷ አፍ ነው።

ዶኛ ኦብዱሊያ ገጽ ገጹን እየገለጡ ፋታ አሳጧት። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ? እንግዲያው እመኚበት እንጂ፣ ለምን ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል?» አሏት። ሁለተኛው ፈታኝ ወጣት መምህር ነው፤ ሲጠይቅም ሲሰናበትም ይቅርታ ይላል። ሦስተኛው አማካሪዋና እንደ ደንቡም የፈታኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ሌዎባርዶ ናቸው።

ዶክተሩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ትምህርቷን ስትጨርስ በተደረገላት የምርቃት ቅዳሴ፣ እንደ አገሩ ልማድ ለኔሬይዳ ክርስትና አባት ሆነው ሻማ የያዙላት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዶኛ ኤፒፋኒያን «አበልጄ» ይላሉ፤ እሁድ እሁድም ከዶኛ ኤፒፋኒያ ምጣድ አይጠፉም። ኔሬይዳም በበኩሏ የጥብቅና ቢሯቸውን ይዛላቸው ነበር። ክርክራቸውን እሷ ታዘጋጃለች፣ ለመጽሔት የሚልኩትን እሷ ትጽፋለች፤ አማታቸው የሞቱ ጊዜ በቀብሩ ላይ ያነበቡትን፣ ሰው ሁሉ ያለቀሰበትን ንግግር እንኳ የጻፈችው እሷ ናት። ሟቿን አይታቸው አታውቅም። በፈተናው ዋዜማ እጇን ጨብጠው «የኔ ድምፅማ ኪስሽ ውስጥ ነው፤ የሌሎቹን አስቢ» ብለዋታል።

ስለዚህ የሌሎቹን አሰበች።

ፈታኞችን ቤት ጠርቶ ምሳ መጋበዝ ደንብ ነው። ወጣቱ መምህር ይቅርታ ብሎ ቀረ። ዶክተሩ በራሳቸው መኪና መጡ። ማንም ያልጠበቃቸው ዶኛ ኦብዱሊያ ደግሞ ከታክሲ ወርደው፣ በከዘራቸው የግቢውን ውሻ ገለል አድርገው ገቡ።

ኔሬይዳ ወጥ ቤት ገብታ ለእናቷ ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳቻቸው፤ «አብላጫ» ማለት ምን እንደሆነ፣ አንዱ ድምፅ በማን እንደጠፋ። ዶኛ ኤፒፋኒያ የሞሌውን፣ የቃሪያና የቸኮሌት ወጡን፣ ድስት እያማሰሉ ሰሟት። ቀና አላሉም።

«እንግዲህ አልቅሰሽ የምታመጪው ነገር የለም» አሉና ሳህን አነሡ። ለአበልጃቸው ሁለት የዶሮ ጭን አወጡ፤ ሞሌውም ሳህኑን ሞልቶ ፈሰሰ። ለዳኛዋ አንድ አንገት ደረሳቸው።

ዶኛ ኦብዱሊያ አንገቱን አገላብጠው አዩት። «ደግ አደረግሽ፤ አንገት እወዳለሁ» አሉ። «ስንት ቤት ተጋብዤ በልቻለሁ፤ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ እሱ ነው።»

ዶን ኤውሎሂዮ ነፉ፣ ተጨፈረም። ጭፈራው በረድ ሲል ዶክተሩ ብርጭቆ አንኳኩተው ብድግ አሉ።

«አበልጄ፣ ወዳጆቼ! ማዕረግ ጌጥ ነው፣ ጌጥ አይበላም። ልጃችን ግን እንጀራዋን አግኝታለች!» አሉና በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቀበሏት። ስትፈታው የነሐስ ሰሌዳ ሆነ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም። ስሟ ተቀርጾበታል። ከሥሩ «የዶክተር ሌዎባርዶ አሪስሜንዲ የሕግ ቢሮ፣ ቋሚ ረዳት» ይላል። ሰው አጨበጨበ። የኔሬይዳ ዓይን እንባ ሞላ፤ አንዱ በር ሲዘጋ ክርስትና አባቷ ሌላ እንደከፈቱላት ነበር የገባት።

«እስቲ ልየው» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ። እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው መነጽራቸውን አጠለቁ። «ጥሩ ቅርጽ ነው። ማን ሠራልህ?» ዶክተሩን በተማሪነታቸው ስላስተማሯቸው አንቱ አይሏቸውም።

«ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው ፊዴንሲዮ ነው፣ እመቤቴ።»

«ፊዴንሲዮ! በሕይወት አለ? ድሮም እጁ ጥሩ፣ ግን ቀርፋፋ ነበር።»

«አሁንማ ብሶበታል!» ብለው ዶክተሩ ሳቁ። «ባለፈው ወር ያዘዝኩትን ትናንት ማታ ነው የሰጠኝ። ስንቴ አመላለሰኝ መሰለዎት!»

«ባለፈው ወር» አሉ ዳኛዋ። ሰሌዳውን ለዶክተሩ ሳይሆን ለኔሬይዳ መልሰው አንገታቸውን መጋጥ ቀጠሉ።

ኔሬይዳ ሰሌዳውን ይዛ ቆመች። ባለፈው ወር እኚሁ ሰው ለተቋሙ የድጋፍ ደብዳቤ ፈርመውላታል። ባለፈው ወር አብረዋት ሻንጣ መርጠዋል፤ «ጎማው ጠንካራ ይሁን፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ያሏት እሳቸው ናቸው።

«ክርስትና አባቴ» አለች። «ማዕረጉን ባገኝ ኖሮ ይህን ሰሌዳ ምን ያደርጉት ነበር?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ዛሬ ፈተናው አልቋል እኮ!» አሉ። የሳቀ ግን አልነበረም።

«ምን ያደርጉት ነበር?»

«እሺ፣ እንደ አባት ልንገርሽ። እዚያ ከተማ ማን አለሽ? የማንም መጫወቻ ነው የምትሆኚው። እዚህ ስም አለሽ፣ ጠረጴዛ አለሽ፣ እኔ አለሁ። አባት የሆነ ሰው ልጁ ገደል ስትገባ ቆሞ አያይም። ደግሞስ ቢሮውን ለማን ትተሽው ነው የምትሄጂው? የጥቅምቱ ክርክር ገና አልተጻፈም!»

ዶን ኤውሎሂዮ ጥሩምባቸውን ቀስ ብለው ከመሬት አስቀመጡ።

«ኪስሽ ውስጥ ነው ብለውኝ ነበር» አለች ኔሬይዳ። ሌላ ልትልም ነበር፤ ሕጉን የምታውቀው እሷ ናት፣ የቃል ውልን በተመለከተ ሙሉ መጽሐፍ ጽፋለች።

ዶክተሩ ፊታቸውን ወደ ዶኛ ኤፒፋኒያ አዞሩ። «አበልጄ፣ ይናገሩ እንጂ! እኔን ብቻ ጅብ አታስመስሉኝ። በጓዳሉፔ ማርያም በዓል ዕለት እዚችው ወንበር ላይ ‹ልጄን አያርቁብኝ› ብለው አልቅሰው የለመኑኝ እርስዎ አይደሉም?»

ሰው ሁሉ ወደ ዶኛ ኤፒፋኒያ ዞረ። ሴትየዋ ጭልፋውን እንደያዙ ነው።

«እንዳትርቅብኝ ጸልዩልኝ አልኩ እንጂ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ድምፅ ንፈጓት የሚል ቃል መቼ ወጣኝ?»

«እኔ ደግሞ ጸሎት ላይ አይሆንልኝም» አሉ ዶክተሩ።

ኔሬይዳ እናቷን አየቻቸው። የኮሪደሩ እልልታ ጆሮዋ ውስጥ ነው። እናቷ በእርግጥ «አብላጫ» የሚለው አልገባቸውም ነበር? ወይስ የገባቸው፣ ልጃቸው እንደማትሄድ ብቻ ነው? መልሱን ብትሰማውም እንደ ድሮው የምታምነው አልመሰላትም። ወጥ ቤት ውስጥ «አልቅሰሽ የምታመጪው ነገር የለም» ያሉት ቀና ሳይሉ ነበር። ያን ጊዜ ዐይናቸው ውስጥ ጭስ የገባ ነበር የመሰላት።

«ልጄ» አሉ ዶኛ ኤፒፋኒያ። «ብርድ ይመታሻል፣ ነይ ተቀመጪ።» በዚያ አገር ሐምሌ ሞቃት ነው፤ ግቢው በከሰዓት ፀሐይ ይነድዳል።

አልተቀመጠችም። ዶኛ ኦብዱሊያ ሊሄዱ ሲነሡ ክንዳቸውን ይዛ ሸኘቻቸው። የከዘራውና የጫማዋ ድምፅ እየተከታተለ ግቢውን አቋረጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ኔሬይዳ ቆመች።

«ጠዋት እርስዎን ነበር የጠረጠርኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዳኛ ሆኖ ያልተጠረጠረ የለም» አሉ አሮጊቷ፤ ዐይናቸው ታክሲ ይፈልጋል።

ከግቢው ውስጥ የዶክተር ሌዎባርዶ ድምፅ ተሰማ፤ ትኩስ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ እንዳለ እየጠየቁ ነው። ማን እንዳቀበላቸው ኔሬይዳ ዞራ አላየችም።

«እመቤቴ፣ በፈታኞች ውሳኔ ላይ ይግባኝ ይባላል?»

ዶኛ ኦብዱሊያ ከዘራቸውን ለታክሲው አነሡና መለሱላት፤

«እንዴታ፣ ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለፈታኞቹ ሰብሳቢ ነው።»