ከጤነኞቹ የተለየችው ነጥብ

የጎረቤቴን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይላታል፤ ጉንፋን እንኳ አታክምም። ሥራዋ ማጥናት ነው። ባይፖላር የሚሉት የአእምሮ ሕመም አለ፤ ሰውን አንድ ሰሞን ሰማይ ያደርሰውና በሌላው ሰሞን ከአልጋ አያስነሳውም። እሷ ይህ ሕመም ሴል ውስጥ ምን ምልክት እንደሚተው ትፈልጋለች። እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ከሰው ደም ሴል ይወስዱና ላብራቶሪ ውስጥ ወደ ነርቭ ሴል ይለውጡታል። ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ እያነሱ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሳዩታል። እሱም “ይሄ የታማሚ፣ ይሄ የጤነኛ” እየተባለ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይማራል። የእኛ ዓይን የማያየውን ልዩነት ያያል አሉ።

ታማሚው ከሆስፒታል ይገኛል። ጤነኛ ግን ከየት ይምጣ? አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናትና በሬን አንኳኳች። እኔና ሰዓት ሠሪው ባሌ ሄደን ደም ሰጠን፤ ቅጽም ሞላን። “የአእምሮ ሕመም አጋጥሞዎት ያውቃል?” ይላል። “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ስድስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የወላጆቼን ቤት ግድግዳ ቀባሁ። የእኛ ሲያልቅ የጎረቤት ጀመርኩ። ከዚያ አራት ወር ሆስፒታል ተኛሁ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ “አክስቷን ልታስታምም ሄዳለች” አለች። መድኃኒቱን ጥቂት ዓመት ወሰድኩ፤ ዳግመኛ አልመጣብኝም። ስዳርም አክስቴን አስታምሜ እንደመጣሁ ሆኜ ተዳርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ዶክተሯ ፊቷ ጠቁሮ እኛ ቤት ገባች።

“ምነው፣ ማሽኑ ትምህርት አቋረጠ?” አልኳት።

“ባሰ፣ እትዬ። ደነዘብኝ።” ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችን። በግራ ቀይ ነጥቦች፣ ታማሚዎቹ፤ በቀኝ ሰማያዊ፣ ጤነኞቹ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ግን ቀዮቹ መሃል ጉብ ብላለች።

“የማን ናት?” አለ ባሌ።

“ስም የለውም፣ በቁጥር ነው፣ ጋሼ፤ እኔም አላውቅም። አለቃዬ ስህተቱን እስከ ዓርብ ካላገኘሽ ሥራው ይቆማል ብሎኛል።”

“ሰዓትም ይሳሳታል” አላት ባሌ። “እኔ የምኖረው በስህተቱ አይደል?”

ስህተቱ የማሽኑ ባይሆንስ ልላት ቃጣኝ። “ሻይ ልድገምሽ?” አልኳት።

አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ብናገር፣ ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት ከማን ጋር እንደኖረ ሊጠይቅ ነው። ዝም ብል፣ የልጅቱ የሦስት ዓመት ልፋት ውሃ ሊበላው ነው። ሐሙስ ጠዋት “ገበያ ደርሼ ልምጣ” ብዬ ወጣሁ።

የጥናቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ባሌ ተቀምጧል። ከእኔ ቀድሞ “ፀጉሬን ልስተካከል” ብሎ ነበር የወጣው። ፀጉሩ እንዳለ ነው።

“ተከትለሽኝ ነው?” አለ።

“ፀጉር ቤቱ እዚህ ተዛወረ?”

“ገበያውስ?”

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ያቺ ነጥብ እኔ ነኝ መሰለኝ” አለ በመጨረሻ፣ ጫማውን እያየ። “ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ዓመት ያቋረጥኩት… ሳንባ ነው ያልኩሽ፣ ሳንባ አልነበረም።”

“ታዲያ በየክረምቱ ሹራብ የምሠራልህ ለየትኛው ሳንባ ነው?”

“ሹራቡማ ይሞቃል።”

“ነጥቧ እኔ ነኝ” አልኩት። “አክስቴ ታማ አታውቅም።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ለዚህ ነዋ” አለ፣ “ተሻለዎት ወይ ስላት ግራ የሚገባት።”

ደም የቀዳችን ነርስ ከቢሮው ስትወጣ ቅጹን ማረም እንደምንፈልግና ለምን እንደሆነ ነገርናት። አልደነቃትም።

“ነጥቧ ከሁለታችሁም ላትሆን ትችላለች” አለች። “ግን ማሽኑ የሚማረው እናንተ ከጻፋችሁት ነው። ዶክተሯን ዛሬውኑ እነግራታለሁ።” ሁለት ወረቀት ሰጠችንና፣ “ባልና ሚስት ነን ብላችሁ እንዳትኮራረጁ” አለችን።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀመርን። ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ምን ያህል ቆየ፣ ማን ያውቅ ነበር። ሦስተኛው ላይ ባሌ እስክሪብቶውን ያዝ አድርጎ፣ አንገቱን መዘዝ አድርጎ ወደ እኔ ወረቀት ተመለከተ። በተማሪነቴ ቢሆን በክንዴ እጋርደው ነበር። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።