ሬሳ በምን እንሸኛለን?

«ልቡ ነው በይ» አላት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተኝቶ ሳለ ልቡ ቆመ፤ በቃ። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሴትየዋ ብርጭቆ ማጠቧን አላቋረጠችም። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጣው አልጋው ላይ ተደርድሯል። ባሏ ራሱን እንዳጠፋ የቅርብ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። የስደተኞቹ መረዳጃ ማኅበር የአባሉን ሬሳ አገር ቤት ድረስ ይልካል። በገዛ እጁ ለሞተ ግን ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም። እሷ ደግሞ በሆቴል አንሶላ አጣቢነት የምታገኘው ለቤት ኪራይ እንኳ እየተንጠራራ ነው የሚደርሰው።

«እናቱን አስቢ እንጂ» አለ ገንዘብ ያዡ። «ለእሳቸው ስንል ነው።»

እናቱ አሁን ገና ትዝ አሉት።

ባሏ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፤ እሱ በተገኘበት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለው። «ደክሞኛል» ሲል ጓደኞቹ «ማን ያልደከመው አለ? ስደት ነው እኮ» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። በስንት ፍለጋ አንድ የአእምሮ ሐኪም ተገኘ፤ ክፍያው የሁለቱንም ደሞዝ ጠራርጎ የሚወስድ ሆነ። ያን ጊዜ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ማኅበሩን ብድር ሊጠይቅ ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ምን አሉህ?»

«ማኅበሩ ለሞት እንጂ ለህመም አይደለም አሉኝ። ለታመመ ሁሉ ከሰጠን ሬሳ በምን እንሸኛለን አለኝ ገንዘብ ያዡ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእግሬ መሄድ አልነበረብኝም።»

ብርጭቆዎቹን ይዛ ሳሎን ስትገባ ከሩቅ ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት እጇን ያዟት።

«ምን አገኘው ልጄ?»

«ልቡ ነው እማማ» አለ ገንዘብ ያዡ ቀድሟት።

ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልቡ ደህና ነበር። ራሱን ነው ያጠፋው። ታሞ ነበር። መታከሚያ ቢለምናችሁ ለሬሳ ነው የምናስቀምጠው አላችሁት፤ ይኸው ሬሳ። ስንት ዓመት ካፉ እየነጠቀ የከፈለውን ለማግኘት ደግሞ ዋሺበት ትሉኛላችሁ።»

«እንግዲህ በሰው ፊት ተናገርሽው» አለ ገንዘብ ያዡ። «እጄን አሰርሽው።»

«በቁሙ ሲመጣስ እጅህን ማን አስሮት ነበር?»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ተከትለውት የወጡም አልጠፉም። የቀሩት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የተዋጣው እዚሁ ለመቅበር እንጂ ለመላክ የሚሆን አልነበረም።

በማግስቱ ከመቃብሩ ቦታ በር ላይ ሆና ለአማቷ ደወለች። አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ልጃቸው እንደማይመጣም ጭምር።

«ብርድ ነው እንዴ አገሩ?» አሉ አማቷ።

«አይበርድም እማዬ» አለች። ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ይዛ የካፖርቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈች።