የማይወለወለው ሶላር

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ጣሪያውን ለዩኒቨርሲቲው ጥናት የፈቀደው በሚስቱ ግፊት ነው። ሚስቱ ከጎረቤት ሰምታ መጣችና፣ «ጠፍጣፋና ፀሐይ የማይጋረድበት ጣሪያ ይፈልጋሉ። የእኛስ ከውሃ ታንከር ሌላ ምን ተሸክሞ ያውቃል?» አለችው። እሱም «ለትምህርት ከሆነማ ምን ከፋኝ» ብሎ ተስማማ።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ተማሪዎቿን አስከትላ መጥታ ሁለት ሶላሮች ጎን ለጎን አስተከለች። አንደኛው በየሳምንቱ ይታጠባል፤ በታንከሩ በኩል ያለው ግን ማንም ሳይነካው አቧራውን እንደለበሰ ይከርማል። አቧራ ከፀሐይ የሚገኘውን ኃይል ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወቅ ነው። ይህን ሁሉ ለሚስትየዋ አስረዳቻት፤ ሹፌሩ ያን ቀን ጥርሱን ሊታይ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ሚስትየዋ ማታ ለባሏ ያደረሰችለት ግን ባጭሩ ነው፦ «አደራ፣ ሽቦውን እንዳትነካ።»

ሽቦውን አልነካም። ነገር ግን በሥራ ዘመኑ አውቶቡሱን ሳያጥብ ቁርስ አፉ አይገባም ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ መምጣቱን ሊያይ ጣሪያ ሲወጣ፣ አንዱ ሶላር እንደ መስታወት ሲያበራ ሌላው አቧራ ጠጥቶ ያየዋል። ‘ልጆቹ ግማሹን አጥበው ግማሹን ትተው ይሄዳሉ፣ አለቃቸው ብታይ ትቆጣቸዋለች’ ብሎ አዘነላቸው። እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ወለወለው። በማግስቱም እንዲሁ። ልጆቹን ላለማሳጣት ብሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዶክተሯ ፊቷ ጥያቄ ብቻ ሆኖ መጣች።

«አባባ፣ እዚህ ሰፈር ነፋሱ እንዴት ነው? ሌሊት ጤዛ ይወርዳል?»

«ነፋሱማ እንደ ሰው ሰፈር ነው» አላት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ከጣሪያው ጠርዝ አቧራ እየጠረጉ በትንንሽ ብልቃጥ መሙላት ጀመሩ። ሹፌሩ ደረጃው ላይ ቆሞ አያቸው። ወርዶ ሚስቱን ጠየቃት።

«ቤታችንን ምን ሆነ ነው የሚሉት?»

«እኔ ምኑን አውቄው።»

«አፋቸውን ሸፍነዋል እኮ። አቧራው መርዝ ቢኖረው ነው እንጂ።»

«ታዲያ አንተም ሸፍን» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። አቧራው መርዝ ከሆነ እንዲከማች መተው የለበትም። ከዚያ ወዲህ አፉን በሻርፕ አስሮ፣ ጠዋትም ማታም ይወለውለው ገባ።

ዶክተሯ ዳግመኛ ስትመጣ ጣሪያ ላይ እንኳ አልወጣችም። ሳሎን ገብታ፣ ሚስትየዋ ያቀረበችላትን ሻይ ሳትቀምስ ታማስለው ጀመር።

«አባባ፣ ግራ ገብቶኛል» አለችው። «ያልታጠበው ሶላር ከታጠበው በልጦ ቁጭ አለ። መሣሪያውን ቀየርን፣ አቧራውን መረመርን፣ ሌላ ፕሮፌሰርም አማከርን። መልስ የለም።»

ሹፌሩ ከእሷ ይበልጥ ግራ ገባው። «ያልታጠበው የቱ ነው?»

«በታንከሩ በኩል ያለው።»

«እሱማ ታጥቧል።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ?»

«በየጠዋቱ። ሰሞኑን ደግሞ ማታም።»

ሚስትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዶክተሯ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የከረምነው» አለች በመጨረሻ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ግን ደክሞ ነበር።

«በድያለሁ መሰለኝ፣ ልጄ። ግን ቆሻሻውን ምን ልታደርጊው ነው?»

ውሃ በማይገኝበት ቦታ ክሊኒክና ትምህርት ቤት በሶላር እንደሚሠራ፣ በስንት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ካልታወቀ ውሃው በከንቱ እንደሚፈስ ወይም መብራቱ እንደሚጠፋ አስረዳችው። ግማሹ ገባው።

«እንግዲህ የምረዳሽ ምንም ባለመሥራት ነው?»

«ምንም ባለመሥራት።»

ጥናቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። ምንም አለመሥራት ግን መከራ ሆነበት። ውሃውን ሊያይ ሲወጣ ፊቱን ያዞራል፤ ጨርቁን ሚስቱ ደብቃበታለች። ጎረቤት ከፎቁ መስኮት፣ «ያንን ነገር አይጠርጉትም እንዴ?» ሲለው፣ «ለሳይንስ ነው» ይላል፤ ሳይንሱን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ግን ያስለዋል።

ደረቁ ወራት ሊያልቅ ሲል ዶክተሯ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ሶላሩ አፈር መስሏል።

«አባባ፣ ኃይሉ ወረደ። በደንብ ወረደ» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሹፌሩ አንዴ የቆሸሸውን ሶላር፣ አንዴ ደስ ያላትን ልጅ አየ። ዕቃዬ ደከመ ብሎ የሚፈነድቅ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሆኖም እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋላት።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት፣ በምን እንደሆነ አሁንም በደንብ ሳይገባው።