ሁሉም ሲሰማ እሳቸው ያልሰሙት

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከሞጣ ተነሥተው፣ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ የገቡት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ስልካቸውን በነጭ መሐረብ ጠቅልለውታል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት በሁለት ጣታቸው ጫፍ ነበር የያዙት፤ የሞተ አይጥ የሚጥሉ ይመስል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ነገር አስወጭልኝ።»

«ምኑን የኔታ?»

«ያደረበትን።»

መሐረቡን ስፈታው ስልኩ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ማስታወቂያ ስልኩ በቫይረስ ተጠቅቷል ይላል። ሌላው ዕጣ ወጥቶልዎታል ይላል። ሦስተኛውን ለመሪጌታ አላነበብሁላቸውም፤ ልብሷን የጣለች ሴት ሥዕል አለበት።

ያወቅኋቸው ከወር በፊት ነው። ቢቸና ለዘመድ ተዝካር በመጡበት፣ ልጃቸው ከባሕር ዳር የላከላቸውን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ከስልካቸው ጋር አገናኝቼላቸው ነበር። የድጓ መምህር ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ፣ የሟች መምህራቸውን ዜማ በማዳመጫው እየሰሙ ነው ተማሪ የሚያርሙት። ያን ዕለት በዐሥር ደቂቃ ጨርሼ ላክኋቸው። እኔ ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ስልክ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አቃጥዬ፣ እንደገና ገዝቼ ነው የተማርሁት። ይህንንም ለሰማ ሁሉ እናገራለሁ።

«ሞጣ ስልክ የሚሠራ የለም?» አልኋቸው።

«አለ። ፎርማት ይደረግ፣ ያለው ሁሉ ይጥፋ አለኝ። የመምህሬን ድምፅ እንዴት ላጥፋ?»

«ዲፕሎማ አለው?»

«መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ሰቅሏል።»

«እንግዲያው ግድግዳውን ያድስበት። አሁን ምን እንደደረሰብዎ ይንገሩኝ።»

እያፈሩ ነገሩኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤታቸው ተማሪ ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ የአንዱ ልጅ አባትም መጥቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ስልካቸው ላይ «ያመለጠ ጥሪ» የሚል ጽሑፍ ከቀይ ምልክት ጋር ብቅ አለ።

«ልጄ የደወለ መስሎኝ ተጫንሁት» አሉ። «ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዝም አለ። ድምፁን ጨመርሁ። ዝም። እስከ ጥግ ጨመርሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

የሰሙት ሌሎቹ ናቸው። ባለቤታቸው እሜቴ ወለተ ሐና አንድ ቀን መዝሙር ሊሰሙበት ማዳመጫውን ከራሳቸው ስልክ ጋር አገናኝተውት ኖሯል። መሪጌታ ሲያበሩት፣ ጓዳ ተቀምጦ ወደ ነበረው ወደ እሜቴ ስልክ ሄደ። የመሪጌታ ስልክ ደግሞ የከፈተውን ነውረኛ ቪዲዮ በራሱ ድምፅ ማጉያ ለቤቱ ሁሉ ለቀቀው። እሳቸው በደከመ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ደፍነው፣ ልጃቸው እስኪናገር በትዕግሥት ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጠብቃሉ። ያ አባት ያየው ይህን ነው፤ በተማሪ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ከፍቶ፣ ደስ ብሎት ራሱን የሚነቀንቅ መምህር። ልጁን እጁን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ የሰበካ ጉባኤው መሪጌታን ከወንበራቸው አገዳቸው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይወስናሉ» አሉኝ። «ሌላ መምህር እየፈለጉ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ።»

«ማስታወቂያው እኮ ሰው ሳይፈቅድለት አይገባም የኔታ። ማን ፈቀደለት?»

«እኔ ነኝ። አጽዋማትና በዓላት የሚያወጣ ገጽ ስከፍት የደወል ሥዕል መጣ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ደወል እምቢ ይባላል? በዓል ሲደርስ የሚደወልልኝ መስሎኝ ፈቀድሁ።»

ሣቄን መያዝ አልቻልሁም። «ኧረ የኔታ! ደወል ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ? ያ ደወል በፈለግሁ ሰዓት ልግባብዎ ወይ እያለ ነው የጠየቀዎ። ግባ አሉት፤ ገባ።»

አንገታቸውን ደፉ። እኔ አሁንም እየሣቅሁ የኢንተርኔት መክፈቻውን ቅንብር ከፈትሁ፤ ከዚያ ማሳወቂያ ወደሚለው ገባሁ። የተፈቀደላቸው ገጾች ሁለት ናቸው። አንደኛው የበዓላቱ ነው። ከፍቼ አየሁት፤ ምስኪን ነው፤ በዓል ከመቁጠር ሌላ ኃጢአት የለበትም። ሁለተኛው የዘፈን ማውረጃ ነው። ቆሻሻውን ሁሉ የሚልከው እሱ ነው።

መሪጌታ ዘፈን ያወርዳሉ?

የተጎበኙትን ገጾች ታሪክ ወደ ኋላ ገፋሁት። ገጹ የተከፈተው የተዝካሩ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ስልኩ በእጄ ነበር። ማዳመጫውን ለመሞከር ዘፈን ፈልጌ የከፈትሁት እኔ ነኝ። «ለመቀጠል ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሎ ነበር፤ ተጫንሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ሳላይ የምጫነው ነገር ነው። ከራሴ ስልክ ላይ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፤ ከእሳቸው ላይ ረሳሁት።

የገጹን ፈቃድ ሰረዝሁ።

«አገኘሽው?» አሉ መሪጌታ።

«አገኘሁት። አጥፍቼዋለሁ።»

«የእኔው ደወል ነው?»

«ሁለተኛ ሳያነቡ አይጫኑ» አልኋቸው። አዎም አላልሁ፣ አይደለምም አላልሁ።

ወደ ማዳመጫው ዞርሁ። ቁልፉን ቀይና ሰማያዊ እስኪያበራ ድረስ ተጭኜ፣ ያወቀውን ስልክ ሁሉ አስረሳሁትና ከእሳቸው ስልክ ጋር ብቻ አገናኘሁት። ጆሯቸው ላይ ሳደርገው የመምህራቸው ዜማ መጣላቸው መሰለኝ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት፣ «እሑድ መጥተሽ ለጉባኤው ታስረጅልኛለሽ? እኔ ብናገር ማመካኘት ይሆንብኛል» አሉኝ።

«እመጣለሁ።»

ሐሙስና ዓርብ ሥራ ሠራሁ ማለት አይቻልም። ያልተሰበረ መስታወት ፈትቼ ሰበርሁ። እኔ የምሰቅለው ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ «ትርሲት ከነካችው ይድናል» የሚለው የሰው አፍ ብቻ ነው። ደግሞስ ማን ያውቃል? እሳቸው ራሳቸው እኔ ነኝ ብለዋል። ከባልንጀሮቼ አንዷ እንዲህ ብታስብ ምን ብዬ እንደምሰድባት አውቃለሁ። ራሴን ግን አልሰደብሁም።

እሑድ በጠዋቱ መኪና ሞጣ ገባሁ። ጉባኤው በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። መሪጌታ በር አጠገብ፣ ተማሪ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ናቸው። ማስታወቂያው እንዴት እንደሚገባ፣ ማዳመጫው እንዴት ወደ ሌላ ስልክ እንደሚሄድ አንድ በአንድ አሳየሁ።

ምክትል ሊቀ መንበሩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከንፈራቸውን ጣሉ። «ለደህና ሰው ስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም።»

«የእርስዎን ያምጡትና እዚሁ ልክፈተው?»

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ እዚያው ቀረ። አንድ ሁለት ሰው ሳል መሰል ሣቅ ሣቀ።

ከሴቶቹ ወገን የተቀመጡት እሜቴ ይርጋነሽ ግን አልሣቁም። «ልጄ፣ ሰው ሳይፈቅድለት አይገባም ብለሻል። ታዲያ ማን ፈቀደ?»

መሪጌታ ከአግዳሚው ተነሡ። «እሱንማ እኔ...»

ዝም ብል ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ቢጨምሩ ነገሩ ያልቃል፤ እኔም ስሜን ይዤ ቢቸና እገባለሁ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የኔ ጥፋት በእሳቸው አፍ ሊወጣ ነው።

«እሳቸው አይደሉም» አልሁ። «እኔ ነኝ።»

ቀኑንና ሰዓቱን ከስልኩ አውጥቼ አሳየሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጨረሻ እሜቴ ይርጋነሽ ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺ ስልክ ሠሪ ነሽ ስልክ አበላሽ?» አሉኝ።

ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ ለመሪጌታ መለስሁ።

መሪጌታ ከሰኞ ጀምሮ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም በሚቀጥለው እሑድ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ይነገራል ተባለ፤ ስሜም የሱቄም ቦታ ተጻፈ።

ስወጣ መሪጌታ ደረጃው ራስ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሊመርቁኝ መስሎኝ ቀረብ አልሁ።

«ረቡዕ አውቀሽው ነበር?» አሉ።

«አውቄው ነበር።»

«እኔ ሳልናዘዝ አላድርም። በእጄ ፈቅጄ አስገባሁት፣ ልጆቹን አስነወርሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። በቀን አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። ሁለት ሳምንት ሰገድሁ። ያስ ይሁን፤ አንቺም አታውቂም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር። ረቡዕ ግን ካንቺ ዘንድ ተመልሼ ሰገድሁ። ሐሙስ ሰገድሁ። ዓርብ ሰገድሁ። ቅዳሜ ባይከለከል ትናንትም እሰግድ ነበር።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «የሦስቱን ቀን ለማን ልቁጠረው?»

አልተቆጡም።

ደረጃውን መውረድ ጀመሩ፤ አንዱን እግር አሳርፈው፣ ቆም ብለው፣ ሌላውን። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። አዩት። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ወረዱ።