«ተዛውራለች» ብዬ የጻፍኳት ልጅ

አርብ ከቅዳሴ ወጥተን ግቢው ጥላ ስር ቆመን ሳለ ላቀው እየሮጠ መጣ። ላቀው የአንዲት ማዳም ሹፌር ነው፤ እዚህ ዶሃ ያበሻ ልጅ ሲሞትም ሲታሰርም የሚሯሯጠው እሱ ነው።

«ማርፈድህን ልመዝግብ?» አልኩት።

«መዝግቢኝ ማዘር፣ ብቻ ወላጅ አምጣ እንዳትይኝ።»

አብረውኝ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። አስተማሪ እንደነበርኩ ሁሉም ያውቃል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ፣ አስራ አምስት ዓመት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰርቻለሁ፤ ጡረታ የወጣሁት ኃላፊ ሆኜ ነው። አሁን አል ሂላል ሰፈር ልጄ ሊሊ ቤት ነኝ፤ ስትወልድ ላርሳት መጥቼ።

ላቀው ፊቱ ተቀየረ። «ትዕግሥት የምትባል ልጅ ሞታብናለች። አል ዋዓብ ሰፈር ሰው ቤት ነበር የምትሰራው። ትኩሳት ነው ሲሉ ሳምንት አቆይተው ሆስፒታል ወሰዷት፤ አልተረፈችም። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ያንቺ ወረዳ ነው። እናቷ ጋ አስደወልን። 'ልጄማ አሁን አስተምራ ገባች፣ ምን ሟርት ነው!' ብላ ዘጋችው። ኸላስ፣ አበቃ፤ ቤተሰብ ካልተገኘ እዚሁ ሊቀብሯት ነው።»

ስልኩ ላይ ፎቶዋን አሳየኝ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ትዕግሥት አይደለችም፤ ጥሩዬ ናት።

«ታውቂያታለሽ ማዘር?»

«አላውቃትም» አልኩ። የቆረብኩ ሴት፣ እቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ።

ቤት ገብቼ ለሊሊ ነገርኳት። ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ጥሩዬ አባቷ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል አቆመች። እናቷ ለተማርያም ከደላላ ጋር ቢሮዬ ይዛት መጣች። አረብ አገር ለመሄድ አስራ ስምንት መሙላትና ስምንተኛ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ልጅቷ ገና አስራ አምስቷ ነው። ዛሬ አስተማሪ የሆነችው እውነተኛዋ ትዕግሥት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ቀድማ ስምንተኛን አልፋ ነበር። በሷ ስም ሁለተኛ ማስረጃ አሰርቼ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ሳንቲም አልተቀበልኩም። ከረሃብ ይሻላታል ብዬ ነው።

ሌላም አለ። መዝገቡ ላይ «አቋርጣለች» ማለት ሲገባኝ «ተዛውራለች» ብዬ ጻፍኩ። ወረዳው የሚገመገመው ባቋረጠ ተማሪ ብዛት ነው፤ በተዛወረ ማንም አይጠይቅም። በዚያ ዓመት ዞኑ ሸለመን። ዋንጫው ሳሎኔ አለ። ስንቷን እንደዛ እንዳዛወርኩ እግዜር ይወቀው።

«እማ፣ በማርያም ዝም በይ!» አለች ሊሊ። «ከአውሮፕላን ሳትወርጂ ነው የሚይዙሽ። ጡረታሽስ? ደግሞ ብትናገሪ ልጅቷን አትመልሻት።»

«እሷን አልመልስም። እናቷ ግን ስልክ እየጠበቀች ነው።»

«ሌላ ሰው ይንገራታ!»

«ሌላ ማን ያውቃል? በሰው ስም የደበቅኳት እኔ ነኝ።»

ሊሊ ሕፃኑን ታቅፋ አለቀሰች። እኔ እንባም አልመጣልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ትዕግሥት ተብላ የሞተችው ጥሩዬ መሆኗን፣ ማስረጃውንም የሰጠሁት እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» ማስረጃው ላይ ያለውን ያንኑ ፊርማ ፈረምኩበት። ላቀው አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ያላ ማዘር» አለ ቀስ ብሎ፣ «አስከሬኗን አገር ቤት ለመላክ የእናቷ ፈቃድ ነው የቀረው። ቄሱም ለፍትሐት የክርስትና ስሟን ይፈልጋሉ።»

የለተማርያምን ቁጥር ከድሮው ትምህርት ቤት ዘበኛ አገኘሁ። ወዲያው አነሳችው።

«መምህርት! እርስዎ ነዎት? እግዜር ያክብርልኝ! ቤቴ ቆርቆሮ የለበሰው በእርስዎ ነው። ዶሃ ናቸው ሲሉኝ፣ ልጄ በሰው አገር አይዞሽ የሚላት አገኘች ብዬ ለማርያም ጧፍ አበራሁ። አገኟት? ሁለት ሳምንት ድምጿ ጠፋብኝ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሳብኩ።

«ለተማርያም» አልኩ፣ «የጥሩዬ የክርስትና ስሟ ማነው?»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ታማ ነው?» አለች።

«የክርስትና ስሟን» አልኩ ደግሜ።

«ለጸሎት ነው አይደል? ታማ ነው ይበሉኝ መምህርት። ታማ ነው ይበሉኝ።»